ታምቡርና ቅምቡላ

በፋብሪካችን ሞዴል በእጇ ስትቀርጽ የኖረች የመጨረሻዋ ሠራተኛ እኔ ነበርኩ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ እንጨት የሚቀርጽ የኮምፒዩተር ማሽን ገባና እኔ ሳምንት የምለፋበትን ሥራ ከቁርስ እስከ ምሳ ሲጨርሰው ቆሜ አየሁት። አልከፋኝም፤ ሥራው ጥሩ ነው። የስንብቱ ዕለት ግን ወጣቶቹ መሐንዲሶች ከበቡኝና "እትዬ ሙሉነሽ፣ ይሄን ሙያ የት ነው የተማሩት?" አሉኝ። "አሰብ፣ በጦርነቱ ጊዜ" ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። አሰብም ጦርነቱም ለእነሱ ሩቅ አገር ነው። ይህን የምጽፈው በዚያን ቀን በቅጡ ሳልነግራቸው ስለቀረሁ ነው።

አባቴ ኮምቦልቻ ውስጥ አናጺ ነበር። እኔም ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በእንጨት ሥራ ስመረቅ መንግሥት አሰብ መደበኝ። የተመደብኩበት ወርክሾፕ ከወደቡ ጀርባ ነበር፤ የወደቡን ክሬን፣ የከተማውን የውሃ ፓምፕ፣ የጭነት መኪናውን ሁሉ ይጠግናል። ደመወዛችን ላይ የበረሃ አበል ይታከልበት ነበር። እኔ የእኔን በበረዶና በለስላሳ ነው የጨረስኩት።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ለጽሕፈት ቤት ወንበር መሥራት ነበር። አንድ ቀን ቀጠን ያሉ፣ ረጅም፣ ቅንድባቸው በእሳት የተለበለበ ሽማግሌ ገቡ። የብረት ማቅለጫው ክፍል ኃላፊ አቦይ ተወልደ ነበሩ። የአስመራ ሰው ናቸው፤ ሙያውን በልጅነታቸው ከጣሊያኖች ቀስመው በምጽዋ በኩል በመርከብ አሰብ ከገቡ ብዙ ዘመናቸው ነው። አንዱን ወንበር አነሡና ዓይናቸውን ጨፍነው መጋጠሚያውን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ማን ነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ።"

"ጓለይ፣ ነገ ወደ እኛ ነይ። ወንበር ማንም ይሠራል።"

ጓለይ ማለት በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድን ዕቃ ከቀለጠ ብረት ለማውጣት መጀመሪያ አምሳያው ከእንጨት ይቀረጻል፤ ሞዴል የምንለው እሱን ነው። ሞዴሉ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አሸዋው በደንብ ይጠቀጠቃል። ከዚያ ሞዴሉ ቀስ ተብሎ ሲወጣ ባዶ ቅርጹ ይቀራል፤ ብረቱ የሚፈስሰው እዚያ ባዶ ውስጥ ነው። ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ሞዴሉ ከሚፈለገው ዕቃ ትንሽ ተለቅ ማለት አለበት። ሲወጣ አሸዋውን እንዳያፈርስ ጎኑ ሾጠጥ ማለት አለበት። ሹል ማዕዘን ከተውክበት ብረቱ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ አቦይ ተወልደ ያስተማሩኝ በንግግር አይደለም። ያበላሸሁትን ሞዴል ራሴ አሸዋ ውስጥ ቀብሬ፣ ራሴ አውጥቼ፣ የፈረሰውን ራሴ እንዳየው ያደርጉ ነበር።

ሞዴል ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። አሸዋውን ጨብጠው ለሁለት ይሰብሩታል፤ ስብራቱ ጥርት ካለ "ይሁን" ይላሉ፣ ከተፈረፈረ ውሃ ያስጨምራሉ። ብረት በሚፈስበት ሰዓት አይናገሩም፤ በጣታቸው ብቻ ነው የሚያዝዙን። ዕቃው ከወጣ በኋላ በትንሽ መዶሻ መታ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ድምፁ እንደ ደወል ከጠራ ያሳልፉታል፤ እንደ ነቃ ገንቦ ከሆነ ተመልሶ ወደ ምድጃ ነው። ሰው ተሳድበው አያውቁም። ሲናደዱ ወደ ግድግዳው ዞረው በትግርኛ ለራሳቸው ያወራሉ።

በዚያን ዘመን ከአሰብ የሚወጣው ቡናና ቆዳ ነው፤ የሚገባው ደግሞ አብዛኛው የጦር መሣሪያ ነበር፤ ገሚሱ በብድር፣ ገሚሱ በዚያው በቡናው ገንዘብ። ይህን ለማወቅ ባለሥልጣን መሆን አያሻም፤ ወደቡ ላይ ቆሞ የሚጫነውንና የሚራገፈውን ማየት ይበቃል። ምንዛሪው ወደ ጥይት ሲሄድ የመኪና መለዋወጫ ከገበያ ጠፋ። ከሁሉ የከፋው የታምቡር መጥፋት ነበር። ታምቡር ከጎማው ጀርባ የሚገባው፣ ፍሬኑ የሚይዘው ክብ ብረት ነው። እሱ ከሌለ መኪና ዳገት ይወጣል እንጂ ቁልቁለት አይወርድም።

ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ባለ ተሳቢ ሹፌር አንድ ቀን የተሰነጠቀ ታምቡር በጆንያ አምጥተው እግራችን ሥር ዘረገፉት።

"ባቲ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ከዳኝ" አሉ። "ረዳቴ ወርዶ ታኮ ቢያስገባ ጎማው ታኮውን ዘሎት ሄደ። ያዳነን ገደል ሳይሆን የመንገድ ዳር ኮረብታ ስላጋጠመን ነው። ይሄን መሥራት ትችላላችሁ ወይስ አትችሉም?"

አቦይ ተወልደ ስብርባሪውን አገላብጠው አዩት። "ጓለይ፣ ትለኪዋለሽ?"

ለካሁት። ከዋንዛ እንጨት ቀረጽኩት። እርጥበት እንዳያሳብጠው ቫርኒሽ ደራረብኩበት። የአሮጌ መርከብ ሞተር ሰባብረን አቀለጥንና አፈሰስነው። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ፤ የእኔ ሞዴል አንድ ቦታ ላይ ሳስቶ ነበር። አረምኩት። ቀጣዩ ጠራ። ጋሽ ደምሴ አስገጥመው ሄዱ፤ ተመልሰው ሲመጡ ጓደኞቻቸውን አስከትለው ነው። በዚያው ሰሞን በግቢያችን በር ላይ የሹፌር ሰልፍ የተለመደ ሆነ። በሕይወቴ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ለመሄድ የምቸኩልበት ዘመን ቢኖር ያ ነው።

ድርቁ በገባ ዓመት ነው አንድ ሻለቃ ከላይ ትእዛዝ ይዞ የመጣው። ሠራተኛውን ሰብስቦ ሲናገር ሰማሁት፤ ሞኝ ሰው አልነበረም።

"ጓዶች፣ ጥይት የምንገዛው በቡና ነው" አለ። "አንድ የሞርታር ቅምቡላ ከውጭ ሲመጣ ስንት ገበሬ የለቀመው ቡና እንደሚሄድበት አስቡት። ቀፎው ግን ብረት ብቻ ነው። እናንተ ብረት ታፈስሳላችሁ። ቀፎውን እናንተ ሥሩ፤ ባሩዱን መሙላት የሌላው ፋብሪካ ሥራ ነው። ምንዛሪው ይተርፋል።"

ሥራ አስኪያጃችን ኢንጂነር ሳሙኤል እጁን አነሣ። ወጣት ነው፤ ወርክሾፑን ከተረከበ ገና ዓመቱ ነበር። "ጓድ ሻለቃ፣ ምድጃችን አንድ ነው። ቅምቡላ ካፈሰስን ታምቡር አናፈስስም" አለ።

"ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር ነው የተባለው" አለ ሻለቃው። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

የቅምቡላውን ሞዴል የሠራሁት እኔ ነኝ። ሥራውን ስጨርስ አቦይ ተወልደ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱትና መልሰው አስቀመጡት። ይሁን አላሉም። ምሳ ሰዓት ላይ ጥላው ሥር አጠገባቸው ተቀምጬ "አቦይ፣ አልወደዱትም?" አልኳቸው።

"ሞዴሉ ደኅና ነው" አሉ። "የእህቴ ልጅ በረሃ ነው ይባላል። የወንድሜ ልጅ ደግሞ የመንግሥት ወታደር ሆኖ ግንባር ነው። ይሄ ቅምቡላ አንዱን ያገኘዋል፤ የሌላኛው ወገን ደግሞ ሌላውን ያገኘዋል። እንዴት ልውደደው?"

ሥራችንን ቀጠልን።

ቅምቡላ ከታምቡር የሚለየው ውስጡ ባዶ መሆኑ ነው። ባዶውን ለማምጣት ከአሸዋና ከዘይት የተሠራ፣ በምድጃ የተጋገረ እምብርት ቅርጹ መሐል ይቀመጣል፤ ብረቱ ዙሪያውን ይፈስሳል፤ ከዚያ እምብርቱ ተፈርፍሮ ይወጣል። አቦይ ተወልደ ይህን ዓይነት ሥራ ብዙም አልሠሩም ነበር። ኮታው እንዲደርስ እምብርቱን በብዛት እየጋገርን በመደርደሪያ ላይ እናሳድረው ጀመር። የወጣውን ቀፎ ሁሉ አቦይ በመዶሻቸው እየመቱ አዳመጡት። ሁሉም ጠራ። ተጭኖ ወደ መሐል አገር ሄደ።

የተመለሰልን መልስ አንድ ነበር፤ ጭነቱ በሙሉ ውድቅ። ቶርኖ በሚባለው የብረት መላጫ ማሽን ላይ ወጥቶ ቆዳው ሲላጥ ከሥሩ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ ኮክ ከሰል፣ ያ ሁሉ ብረት፣ የስንት ሰው የወራት ልፋት ለምንም አልሆነም። አንዱ ሳይታወቅ አልፎ ቢሆን ኖሮ የሚፈነዳው በተኳሹ እጅ ላይ ነበር። አቦይ ይህን ሲሰሙ መዶሻቸውን አዩትና ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ያን ያህል ተሰብረው አይቻቸው አላውቅም።

በማግሥቱ ሻለቃው ወታደር አስከትሎ መጣ። አሻጥር የሚለው ቃል የተነገረው ያኔ ነው። በዚያ ዘመን የኢኮኖሚ አሻጥር ተብሎ የተያዘ ሰው ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ አልነበረም፤ የተጠረጠሩት ደግሞ የአስመራ ሰው ናቸው። አቦይ ተወልደ እጃቸውን ታጥበው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከወታደሮቹ ጋር ወጡ። ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔም አላልኩም።

ወደ እስር ቤት ምሳ አመላልስላቸው ነበር፤ ባለቤታቸው አደይ ለተ እግራቸውን ያማቸዋል። ጠባቂው አጠገባችን ቆሞ እያለ የሚያወሩኝ ስለ ሥራ ብቻ ነው።

"አሸዋው አይደለም" አሉኝ አንድ ቀን። "ብረቱም አይደለም፤ ታምቡር ስንሠራበት የነበረው ብረት ነው። እምብርቱ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ምን እንደነካው ግን አላገኘሁትም።"

ይህን ይዤ ለኢንጂነር ሳሙኤል ነገርኩት። እሱም ቢሆን ቢሮው ውስጥ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ ከተመለሰው ቀፎ እየመረጠ በብረት መጋዝ ሲቆርጥ ነው ያገኘሁት። "ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር" አለ። "አንዳንዱ ግን ንጹሕ ነው። ተመልከቺ። ምንድነው የሚለያቸው?"

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እምብርቱ የሚቀረጽበትን የእንጨት ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አንዳንድ ጠዋት አብጦ አልከፈት እያለ ያስቸግረኝ ነበር። የሚያብጠው ነፋሱ ከባሕር ሲሆን ነው። ከበረሃው ሲነፍስ ደርቆ በአንድ ጣት ይከፈታል።

"ሳጥኑ እርጥበት የሚጠጣ ከሆነ አጠገቡ የሚያድረው እምብርትስ?" አልኩት።

ኢንጂነሩ መጋዙን አስቀመጠ። ከምድጃ የወጣ ትኩስ እምብርት በዕቃ ግምጃ ቤቱ ሚዛን ላይ አስቀመጠና ለካው፤ ከዚያ ባሕር በሚያየው መስኮት ሥር አሳደረው። ጠዋት መልሰን ስንለካው ከብዶ አገኘነው። ዓይን የማያየው፣ እጅ የማይለየው የባሕር ትነት ነው የጠጣው። ብረቱ ሲነካው ትነቱ መውጫ ያጣና ብረቱ ውስጥ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ቀዳዳው ትንንሽ ስለሆነ የመዶሻ ድምፅ አይለውጥም።

ኢንጂነር ሳሙኤል ሻለቃው ዘንድ ሄዶ "በወረቀት አላስረዳዎትም፤ መጥተው ይዩ። አፍሳሹም ይምጡ" አለው። እንዲህ ብሎ መናገር በዚያን ጊዜ ቀላል አልነበረም።

አቦይ ተወልደን በወታደር መኪና አመጧቸው። ጢማቸው አድጎ፣ ከስተው ነበር። ሻለቃው አጠገባቸው መጥቶ ቆመ።

"አንተ ነህ ብረቱን የምታፈስሰው?"

"እኔ ነኝ።"

"ሆን ብለህ ነው ያበላሸኸው ይላሉ።"

አቦይ ቀና ብለው አዩት። "ቅምቡላ መሥራት አልወድም፤ ቢጠይቁኝም ይህንኑ እነግርዎታለሁ። የማልወደውን ሥራ አልሠራም ብዬ እሟገታለሁ እንጂ አበላሽቼ አልሰጥም። መጥፎ ብረት እያወቅሁ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ይሄኛው ሳላውቅ ወጣ፤ በዚያ አፍራለሁ።"

ሻለቃው ወደ ምድጃው ጠቆመ። ሥራው ተጀመረ። በአንዱ ቅርጽ ውስጥ ከምድጃ የወጣ እምብርት፣ በሌላው መስኮት ሥር ያደረ እምብርት ገባ። አቦይ እጃቸውን ታጠቡ፤ ብረቱ ፈሰሰ፤ እሳቸው በጣታቸው እያዘዙ ማንም ሳይናገር አለቀ። ሲቀዘቅዝ ኢንጂነሩ ሁለቱንም ቆርጦ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው። አንዱ ውስጡ ግራጫ፣ ድፍን ነበር። ሌላው ከቆዳው ሥር እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቷል። ሻለቃው ሁለቱን እያፈራረቀ ለረጅም ጊዜ አያቸው። ጣቱን ቀዳዳው ላይ አሳለፈ።

"ይህን ያደረገው ነፋሱ ነው?"

"የባሕሩ እርጥበት ነው" አለ ኢንጂነሩ።

"ታዲያ እዚህ ከተማ ውስጥ ቅምቡላ ይሠራል ወይስ አይሠራም?"

"ይሠራል። እምብርቱን ሳያቋርጥ የሚያሞቅ ምድጃ፣ ለሱ የሚሆን ነዳጅ፣ ከውጭ የሚገባ ኮክ ከሰል ያስፈልገዋል። ያተርፋል የተባለው ምንዛሪ በዚያ ያልቃል። ግን እሱን ይተዉትና አንድ ቦታ አብረውኝ ይምጡ።"

የሄድነው ወደ መኪና ማቆሚያው ነው፤ ከወደቡ እስከ ከተማው ዳር የተዘረጋ ሜዳ። ያን ጊዜ በቆሙ መኪናዎች ሞልቶ ነበር። አንዱ ጎማው ወልቆ በድንጋይ ቆሟል፤ ሌላው ፍሬኑ ተፈትቶ ለጎረቤቱ ተሰጥቷል። ጋሽ ደምሴ ተሳቢያቸው ሥር በጥላው ተጋድመው ነበር። ሻለቃውን ሲያዩ ተነሡ።

"ምን ጭነህ ነው የቆምከው?" አላቸው።

"ለድርቁ የመጣ ስንዴ ነው፣ ጌታዬ።"

"ያኛውስ?"

"እሱ የእናንተው ነው። ከመርከብ የወረደ ጥይት ነው፤ ከእኔ በፊት ነው የቆመው።"

"ለምን አትሄዱም?"

ጋሽ ደምሴ ኢንጂነሩን አዩና ወደ ሻለቃው ዞሩ። "ዳገቱን እንወጣለን። መውረጃው ላይ ግን ታምቡር የለንም። ወርክሾፑ ለእኛ መሥራት ካቆመ ወዲህ ሁለት ጓደኞቼን ቀብሬአለሁ። ስንዴም ሆነ ጥይት ገደል ከገባ ለማን ይሆናል?"

ሻለቃው በመኪኖቹ መሐል ብቻውን እስከ ሜዳው ጫፍ ሄዶ ተመለሰ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነበር፤ የተቆጣ ሰው ፊት አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። ወደ አቦይ ተወልደ ሄዶ "አባቴ፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ" አላቸው። አንቱ ሲላቸው ሁላችንም ሰማን። በዚያው ሰሞን ትእዛዙ ተለወጠ፤ ቅምቡላው አየሩ ደረቅ በሆነ ደጋ ወደሚገኝ ፋብሪካ ተዛወረ፤ የእኛ ምድጃ ለታምቡርና ለፓምፕ ሆነ። ቅምቡላ ከአገር አልጠፋም፤ ጦርነቱም አልቆመም። እኛ በር ላይ ግን የሹፌሮቹ ሰልፍ ተመለሰ፤ ስንዴውም ሜዳውን ለቅቆ ወጣ።

አቦይ ተወልደ ከእስር የተፈቱ ዕለት ቤታቸው አርፈው እንዲቆዩ ተነግሯቸው ነበር። አልቆዩም። አሸዋው ላይ ቁጭ ብለው ጨብጠው ሲሰብሩት አገኘኋቸው። "ጓለይ፣ አድርቃችሁታል" አሉኝ፤ ውሃ አመጣሁ። መዶሻቸውን መልሰው አወጡት፤ ከዚያ ወዲህ ግን እምብርት ያለው ሥራ ሲሆን አንዱን ሳይቆርጡ ሌላውን አያሳልፉም ነበር። ኢንጂነር ሳሙኤል ከከተማው ሴቶች መርጦ አሸዋ ሥራ እንዲማሩ አመጣልን፤ እኔ የሞዴል ክፍሉን ተረከብኩ። ከእነዚያ ሴቶች አንዷ በባሕሩ ዳር ካለችው ከዒድ ከተማ የመጣች ልጅ ነበረች፤ አሸዋ ስትጠቀጥቅ በአፋርኛ ታዜም ነበር። ሥራው እየቀለለን ሄደ።

ኋላ ዘመኑ ሲለወጥ ሁላችንም በየፊናችን ተበታተንን። እኔ ወደ መሐል አገር መጣሁ፤ አቦይ እዚያው ቀሩ። ስለዚያ መለያየት ሌላ ሰው የተሻለ ይጽፋል።

እኔ መንገር የምፈልገው ከዚያ በፊት የነበረውን አንድ ጉዞ ነው። ወንድሜ ኮምቦልቻ ሊያገባ ነበርና አቦይን "አብረን እንሂድ" ብዬ ለመንኳቸው። ያን መንገድ አይተውት አያውቁም። መኪና ይፈራሉ የሚል ወሬ ነበር፤ እውነት ነው። ጋሽ ደምሴ ወሰዱን፤ ሠርጉ ላይ አባቴና አቦይ ተወልደ ቀኑን ሙሉ ስለ እንጨትና ስለ ብረት ሲያወሩ ዋሉ።

ስንመለስ መኪናው ለመርከብ የሚሄድ ቡና ጭኖ ነበር። ወደ ባቲ ቁልቁለቱ ሲጀምር አቦይ ሁለት እጃቸውን ፊት ለፊት ባለው ብረት ላይ አድርገው ጨበጡት፤ ጣቶቻቸው ነጡ። ጋሽ ደምሴ አዩአቸውና ከአንድ ጠመዝማዛ በፊት ፍሬን ያዙ። ያ ሁሉ ጭነት ሳይንገጫገጭ፣ ሳይንሸራተት ቆመ።

"አቦይ፣ ይውረዱና ይዩት" አሉ።

አቦይ ወረዱ፤ እኔም ተከተልኩ። ጎማው አጠገብ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን እኛ ወዳፈሰስነው ታምቡር ሳይነኩት አስጠጉ። ሙቀቱ ይሰማል፤ የተቃጠለ ሽታ ግን የለም። ከታች ቆላው እስከ ዓይን ማብቂያ ተዘርግቷል። ለጥቂት ጊዜ ቁልቁል ሲያዩ ቆዩና ተመልሰው ወጡ።

"እህስ?" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"ደኅና ነው" አሉ አቦይ። "ንዳ።"

ጭንቅላታቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉና ቁልቁለቱን በሙሉ ተኝተው ወረዱ።